የኬብል ኢንተርኔት በአሜሪካ፦ ስለ ቢል፣ ስለ መቆራረጥ እና ስለ አማራጭ ማጣት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሜሪካ ውስጥ የኮምካስት (ኤክስፊኒቲ)፣ የቻርተር (ስፔክትረም)፣ የኮክስ ወይም የሌላ ኬብል ኩባንያ ደንበኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከመፈረምዎ በፊት በራስዎ አድራሻ ያረጋግጡ።

በእኛ ሰፈር አንድ የኬብል ኩባንያ ብቻ ያለው ሕግ ስለሚያዝ ነው?

አይደለም፤ ድሮ ግን እንደዚያ ነበር። ብዙ ከተሞች ለአንድ ኩባንያ ብቻ ፈቃድ ይሰጡ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የኬብል ሕግ ብቸኛ ፈቃድ መስጠትን ከለከለ፤ ክልከላው ሲመጣ ግን በአብዛኛው ከተማ ሽቦው ተዘርግቶ አልቋል። ሁለተኛ ኩባንያ ልግባ ቢል በየቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ መስመር እንደገና መዘርጋት አለበት። ወጪው የሁሉም ቤት ነው፤ ገቢው ግን ከነባሩ ኩባንያ ነጥቆ ከሚያመጣቸው ደንበኞች ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምሰሶው የመብራት ወይም የስልክ ኩባንያ ንብረት ስለሆነ፣ አዲስ ሽቦ ለመስቀል የነባሮቹ ሽቦዎች ቦታ እስኪስተካከል መጠበቅ ግድ ይላል። ይህ ብቻውን ወራት ይፈጃል።

በነባሩ ሽቦ ተከራይቶ መግባትም አይቻልም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ከዚህ በኋላ ኤፍሲሲ) የኬብል ኩባንያዎች መስመራቸውን ለሌላ ኢንተርኔት አቅራቢ እንዲያጋሩ አይገደዱም ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 «ብራንድ ኤክስ» በሚባለው ክርክር ይህን አጸና።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው አይፎካከሩም። ኮምካስትና ቻርተር በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ከስንት አንድ ነው። በሜይ 2025 ቻርተር ኮክስን በ34.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ፣ በአብዛኛው ሰፈር የኬብል አማራጭ ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ድሮም አንድ ነበር።

ዘመዴ በሌላ ሰፈር ለተመሳሳይ ፍጥነት ከእኔ ያነሰ የሚከፍለው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በእሱ መንገድ ላይ ሌላ መስመር አለ የሚለው ነው። የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢን ብንወስድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በብዙ አድራሻዎች ኮምካስት፣ የቬራይዞን ፋዮስ (በፋይበር፣ ማለትም በመስታወት ክር የሚመጣ ኢንተርኔት) እና ድሮ አርሲኤን ይባል የነበረው አስታውንድ ጎን ለጎን አሉ። ፖቶማክን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። ቬራይዞን ፋዮስን በአጎራባቾቹ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ሲዘረጋ አሌክሳንድሪያን አልፏት ስለሄደ፣ ለፈጣን የሽቦ ኢንተርኔት ለዓመታት የነበረው ኮምካስት ብቻ ነበር። ከተማዋ ቲንግ ከተባለ የፋይበር ኩባንያ ጋር የተዋዋለችው በ2021 ነው፤ ዝርጋታውም ሁሉንም ሰፈር በአንድ ጊዜ አላዳረሰም። ስለዚህ ዘመድዎ በዚያ ዋጋ ስላገኘ እርስዎም ያገኛሉ ማለት አይደለም። ዋጋው የሚከተለው አድራሻውን ነው።

በእኔ አድራሻ ማን ማን እንዳለ በትክክል እንዴት አውቃለሁ?

ኤፍሲሲ በኖቬምበር 2022 ያወጣውን ብሔራዊ የብሮድባንድ ካርታ ይክፈቱ። አድራሻዎን ሲያስገቡ ነጥቡ የራስዎ ቤት ላይ ማረፉን ያረጋግጡ፤ ታውንሐውስ ላይ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ላይ ያርፋል። ዝርዝሩ ሲመጣ «ሳተላይት» የሚሉትን ይዝለሏቸው። ሳተላይት በየትኛውም አድራሻ ስለሚወጣ አማራጩ የበዛ ያስመስላል። ከቀሩት ውስጥ «ኬብል» እና «ፋይበር» የሚሉትን ይቁጠሩ፤ እውነተኛው ቁጥር ያ ነው።

ካርታው የሚሞላው ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሚልኩት መረጃ ነው። አንድ ኩባንያ አድራሻዎን ሸፍኛለሁ ካለ፣ ተጠይቆ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ልዩ ክፍያ ማስገባት ይችላል ማለት ነው። ደውለው «እዚያ አንደርስም» ካሉዎት እዚያው ካርታው ላይ ያለውን የመቃወሚያ ቁልፍ ይጫኑና የተባሉትን፣ ቀኑንና የቻቱን ፎቶ ያያይዙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎረቤትን በር ማንኳኳት አይጎዳም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሣጥን የማን እንደሆነ ከካርታው ይልቅ ጎረቤት ያውቃል።

ምንም ሳልለውጥ ቢሌ በድንገት 25 ወይም 30 ዶላር ጨመረ። ምን ተፈጠረ?

ያለፈውን ወር ቢልና ጭማሪውን ያሳየውን ቢል በፒዲኤፍ ያውርዱና መስመር በመስመር ያስተያዩ። ዘወትር የሚገኘው ከነዚህ አንዱ ነው።

የማስተዋወቂያ ዋጋው ጊዜ አልቋል። ቅናሹ በአብዛኛው ለ12 ወይም ለ24 ወር ነው፤ የሚያበቃበት ቀን በትንሽ ፊደል ከቅናሹ መስመር አጠገብ ይጻፋል።

የአውቶፔይ (ቢሉ በየወሩ በራሱ የሚከፈልበት አሠራር) ቅናሹ ወድቋል። ካርድዎ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሲለወጥ አውቶፔይ ይቋረጥና ቅናሹ አብሮ ይሄዳል። ሙሉው ቅናሽ የሚሰጠው በክሬዲት ካርድ ሳይሆን ከባንክ አካውንት ሲከፍሉ ብቻ የሆነባቸው ኩባንያዎችም አሉ።

የሞደም ኪራይ ጨምሯል፤ ወይም በነጻ የተሰጠዎት ወራት አልቀዋል።

ቴሌቪዥን አብሮ ካለ፣ «የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ» እና «የአካባቢ ስፖርት ክፍያ» የሚባሉት ከፍ ብለዋል። የመንግሥት ቀረጥ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ኩባንያው ራሱ የሚያወጣቸው ናቸው፤ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥም ተደምረው ላይታዩ ይችላሉ።

ስለ ቀረጥ ከተነሳ፦ የፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ቀረጥ መጣልን ይከለክላል። ክልከላው በ2016 ቋሚ ሆነ፤ ቀድመው ይቀርጡ የነበሩት ጥቂት ስቴቶችም ከጁን 30፣ 2020 በኋላ መቅረጥ አይችሉም። ኢንተርኔት ብቻ ኖሮዎት በአገልግሎቱ ላይ የሽያጭ ታክስ ካዩ ይጠይቁ። በዕቃ ኪራይ ላይ የሚጣል ታክስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል።

ከመፈረሜ በፊት እውነተኛውን ዋጋ የት ነው የማየው?

«የብሮድባንድ ፋክትስ» የሚል ጥቁርና ነጭ ሰንጠረዥ ይፈልጉ፤ የምግብ ዕቃ ጀርባ ላይ ያለውን ይመስላል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከኤፕሪል 10፣ 2024 ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 10 ጀምሮ በሽያጭ ቦታ ላይ እንዲያሳዩት ተገደዋል። አራት ነገር ያንብቡ፦ ወርሃዊው ዋጋ የማስተዋወቂያ ነው ወይስ የዘወትር፤ የማስተዋወቂያ ከሆነ ስንት ወር ቆይቶ ስንት ይሆናል፤ ቀድመው ቢያቋርጡ ቅጣት አለ ወይ፤ የዳታ ገደቡ ስንት ነው። ከዚያ ፎቶ ያንሱት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ሻጩ በስልክ የነገረዎትን ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውስ የለም።

ቅናሽ ለመጠየቅ ስደውል ምን ልበል?

መጀመሪያ ሰዓቱን ይምረጡ። ቅናሹ ከማለቁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይደውሉ፤ የጨመረው ቢል ከመጣ በኋላ የተከፈለውን ማስመለስ ይከብዳል። አውቶማቲኩ ድምፅ ለምን እንደደወሉ ሲጠይቅ «ካንስል ሰርቪስ» ይበሉ። «ቢሊንግ» ካሉ የሚያገኙት ሰው ዋጋ የመቀነስ ሥልጣኑ ጠባብ ነው፤ «ካንስል» ሲሉ ግን ደንበኛ እንዳይሄድ የሚያግባባው ክፍል ጋ ይደርሳሉ፤ ቅናሾቹ ያሉት እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለው ይጠይቁ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ልጅን ማስተርጎም የለመደ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ገንዘብና ኮንትራት ላይ ግን አይመከርም።

ከተገናኙ በኋላ ቁጣ አይጠቅምም፤ አማራጭ ግን ይጠቅማል። በአድራሻዎ የሚገኘውን ሌላ አቅራቢ ዋጋ ከነስሙ ይንገሩ፦ «ፋዮስ ይህን ያህል ሜጋቢት በዚህ ዋጋ ይሰጠኛል፤ ብትደርሱበት እቆያለሁ»። ፋይበር ከሌለ የቲሞባይል ወይም የቬራይዞን የቤት 5ጂ (በሞባይል ማማ የሚመጣ የቤት ኢንተርኔት) ዋጋን ይጥሩ። በአድራሻዎ የሌለ ኩባንያ ግን አይጥሩ፤ ማን የት እንዳለ ከእርስዎ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ውሃ የማያነሳ ማስፈራሪያ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል።

አዲስ ዋጋ ሲሰጡዎት ከመስማማትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ሁሉም ተደምሮ ቢሉ ላይ የሚወጣው ቁጥር ስንት ነው? እስከ ምን ቀን? አዲስ ኮንትራት ይጀመርብኛል ወይ? በመጨረሻም የሠራተኛውን ስም ወይም መለያ እና የቲኬት ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ ማረጋገጫው በኢሜይል እንዲላክ ይጠይቁ። በስልክ ደጅ ከመጥናት ይልቅ በቻት መነጋገር የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው፦ ንግግሩ በጽሑፍ ይቀራል።

ቅናሽ እምቢ ካሉ ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ። አራት ሰው ላለበት ቤት 300 ሜጋቢት ከበቂ በላይ ነው፤ አንድ የ4ኬ ፊልም የሚፈልገው 15 ሜጋቢት ግድም ነው። ጊጋቢት ገዝቶ ቪዲዮ የሚቆራረጥበት ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ሳይሆን ዋይፋዩ ነው።

የራሴን ሞደም ብገዛ ያዋጣል?

ኪራይ የሚከፍሉ ከሆነ አዎ። ወርሃዊ ኪራዩ 15 ዶላር ቢሆን በዓመት 180 ነው፤ ዶክሲስ 3.1 (የኬብል ሞደም የአሠራር ደረጃ) የሚደግፍ ጥሩ ሞደም ዋጋው በዚያው አካባቢ ስለሆነ በአንድ ዓመት ግድም ራሱን ይመልሳል። ኩባንያው ላላቀረበው ዕቃ ኪራይ ማስከፈል ከዲሴምበር 20፣ 2020 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞደሙ ኩባንያው ካጸደቃቸው ሞዴሎች ዝርዝር ውስጥ መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ያገለገለ ከገዙ በቀድሞው ባለቤት አካውንት ላይ እንደተመዘገበ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ አይነቃም። የቤት ስልክ በኬብሉ የሚጠቀሙ ከሆነ የስልክ መሰኪያ ያለው ሞደም ያስፈልግዎታል። ሞደም ብቻውን ዋይፋይ አይሰጥም፤ ራውተር ለብቻው ይጨመራል። ስፔክትረም ሞደሙን ያለ ኪራይ ስለሚሰጥ እዚያ ሞደም መግዛት ትርጉም የለውም፤ ራውተር ግን ሊኖረው ይችላል። ነገ ፋይበር ሊገባ ከሆነም ይታገሱ፤ የኬብል ሞደም ለፋይበር አይሆንም።

ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፤ ደውዬ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ነገሩ ወዲህ ነው፦ የስልኩ ሠራተኛ የሚያየው ሞደምዎ በዚያች ደቂቃ መብራቱን ብቻ ነው። ችግሩ የዋይፋይ ይሁን የመስመር እርስዎ ለይተው ካልነገሩት ሞደሙን ንቀሉና ሰኩ ብሎ ይሸኝዎታል።

ላፕቶፕዎን በካት 5ኢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሽቦ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ይሰኩና ፍጥነቱን ይለኩ። በሽቦ ደህና ሆኖ በዋይፋይ የሚወድቅ ከሆነ ኩባንያውን ይተዉት፤ ራውተሩን ከጓዳ አውጥተው ወደ ቤቱ መሃል፣ ከመሬት ከፍ ያድርጉት። በሽቦም ከተቆራረጠ ወደ መስመሩ ይሂዱ።

በብራውዘሩ ላይ 192.168.100.1 ብለው ይጻፉ፤ የሞደሙ የራሱ ገጽ ይከፈታል። በኩባንያው ጌትዌይ (ሞደምና ራውተር አንድ ላይ የሆነ ሣጥን) ላይ አድራሻው 10.0.0.1 ሊሆን ይችላል። ሦስት ቁጥር ይፈልጉ። የዳውንስትሪም ፓወር (ወደ ሞደሙ የሚገባው ሲግናል ኃይል) ከ−7 እስከ +7 ዲቢኤምቪ ቢሆን መልካም ነው፤ ከ±10 ሲያልፍ ያጠራጥራል፤ ከ±15 ውጭ ከሆነ ዝርዝር መመዘኛውን ጥሷል። ኤስኤንአር የሚባለው የሲግናልና የጫጫታ ንጽጽር ከ33 ዴሲቤል በታች መውረድ የለበትም። የአፕስትሪም ፓወር (ሞደሙ ወደ ኩባንያው የሚልክበት ኃይል) ከ35 እስከ 49 ይሁን፤ 51 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሞደሙ ሰሚ ለማግኘት አቅሙን ሁሉ እያወጣ እየጮኸ ነው፤ ትንሽ ብርድ ወይም ዝናብ ሲጨመርበት ይወድቃል። የክስተት መዝገቡ ውስጥ «ቲ3» እና «ቲ4» የሚሉ መስመሮች ከተደረደሩ ሞደሙ ልኮ መልስ እያጣ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ከግድግዳው እስከ ሞደሙ ያለውን ይፈትሹ። ስፕሊተር (አንዱን ሽቦ ለብዙ የሚከፍለው ዕቃ) ዋነኛው ጥፋተኛ ነው። ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር በእያንዳንዱ መውጫ 3.5 ዴሲቤል፣ ለአራት የሚከፍል 7 ዴሲቤል ያህል፣ ለስምንት የሚከፍል 11 ያህል ይበላል። የድሮ ተከራይ ለአራት ቴሌቪዥን የሰካውን ስፕሊተር ነቅሎ መስመሩን በቀጥታ ለሞደሙ መስጠት ብቻ ስንቱን ቤት አድኗል። ክብ ማያያዣዎቹን በእጅ ካጠበቁ በኋላ በ7/16 ኢንች ቁልፍ ትንሽ ያክሉበት፤ የላላ ማያያዣ ሲግናል ከማባከኑም ሌላ ከውጭ የሬዲዮ ጫጫታ ያስገባል፤ ያ ጫጫታ የጎረቤቱንም አፕስትሪም ይበክላል። ሽቦው ላይ «አርጂ-59» ተጽፎ ካዩ አሮጌ ነው፤ በ«አርጂ-6» ይቀየር።

ከቤት ውጭ ያለው የኩባንያው ነው። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለችውን የመሬት ማያያዣ ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ወይም ውሃ ካለ ፎቶ ያንሱ እንጂ አይንኩ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚቆራረጥ ከሆነ ከምሰሶው የሚወርደው ኬብል ሽኮኮ አኝኮት ወይም ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቴክኒሻን ሲያስይዙ «በሽቦ ለክቻለሁ፣ አፕስትሪሜ 52 ነው፣ ቲ3 አለ፣ የውጭው መስመር ይታይልኝ» ይበሉ። ጥፋቱ የእነሱ መስመር ከሆነ የጉብኝት ክፍያ እንዳይታሰብብዎት በቻት ያስጽፉ፤ ቤት ውስጥ ባለ በራስዎ ሽቦ ከሆነ ግን ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው፤ ማታ ማታ ግን ይንቀራፈፋል።

ያ የመጨናነቅ ምልክት ነው። ኬብል የጋራ መስመር ነው፤ በአንድ «ኖድ» (የሰፈር ማከፋፈያ) ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ሊንጠለጠሉ ይችላሉ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሽቦ እየለኩ ይጻፉ። ማታ ብቻ በግማሽ የሚወርድ ከሆነ ቤትዎ የሚመጣ ቴክኒሻን የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ኩባንያው ኖዱን ለሁለት መክፈል ወይም አቅሙን ማሳደግ አለበት። አቤቱታ ላይ የሚሠራው ይህ ሰንጠረዥ ነው።

ዳውንሎዴ 500 ሜጋቢት ነው። ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ ስነጋገር ለምን የእኔ ምስል ብቻ ይደርቃል?

አፕሎድዎ ጠባብ ስለሆነ። የድሮው የኬብል አሠራር ለአፕሎድ የመደበው ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ ያለውን ቀጭን ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዳውንሎድ ነው። መስመራቸውን እስከ 85 ሜጋኸርዝ ያሰፉ ሰፈሮች ላይ አፕሎዱ በጣም ይሻሻላል፤ ግን ሞደሙም ይህን የሚደግፍ መሆን አለበት። ኤፍሲሲ በማርች 2024 የብሮድባንድን ትርጉም ከ25/3 ወደ 100/20 ሜጋቢት (ዳውንሎድ/አፕሎድ) ከፍ አድርጓል፤ ከፓኬጅዎ ጋር ያነጻጽሩት። የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወይም የማኅበር ፕሮግራም በቀጥታ የሚያስተላልፉ ከሆነ ለሙሉ ኤችዲ ምስል ሳይዋዥቅ የሚቆይ ከ5 እስከ 10 ሜጋቢት አፕሎድ ያስፈልጋል። ካሜራውን በዋይፋይ ሳይሆን በሽቦ ያገናኙት፤ በዚያ ሰዓት የሕንፃው ስልክ ሁሉ ፎቶ ወደ ክላውድ እንዳይጭንም ይጠንቀቁ። የደረቀው የወዲያኛው ወገን ምስል ከሆነ ግን ችግሩ ምናልባት እዚያ ነው፤ አሜሪካ ላለ ሰው ደውለው ይለዩ።

የዳታ ገደብ አለብኝ ወይ?

እንደ ኩባንያውና እንደ ፓኬጁ ነው። ስፔክትረም ገደብ የለውም። ኮክስ ለረጅም ጊዜ 1.28 ቴራባይት ነበረው። የኮምካስት የድሮ ፓኬጆች በብዙ ስቴቶች 1.2 ቴራባይት ገደብ ነበራቸው፤ ካለፉ በየ50 ጊጋባይቱ 10 ዶላር፣ እስከ 100 ዶላር። በ2025 ያወጣቸው አዳዲስ ፓኬጆች ግን ገደብ የላቸውም። ነባር ደንበኛ በራሱ ጥያቄ ካልተዛወረ በድሮው ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ማየት አምስት ደቂቃ ነው።

1.2 ቴራባይት ትልቅ ይመስላል። 4ኬ ፊልም በሰዓት 7 ጊጋባይት ያህል ይበላል፤ ወሩን ሙሉ በቀን ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ቢታይ ገደቡ ያልቃል። ሳይዘጋ የሚያድር ቴሌቪዥንና ቀን ከሌት ወደ ክላውድ የሚጭን የበር ካሜራ ያላቸው ቤቶች ሳያስቡት ይደርሱበታል።

የአፓርትመንቱ አስተዳደር «እዚህ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው የሚሠራው» ይለኛል። ይችላል?

ኩባንያው ከሕንፃው ባለቤት ጋር «ሌላ አይገባም» ብሎ መዋዋል አይችልም። ኤፍሲሲ በ2022 አንዳንድ የገቢ መጋራት ውሎችንም ከልክሏል። ነገር ግን ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ሁለተኛ ኩባንያ አላስገባም ቢል የፌዴራሉ ደንብ አያስገድደውም፤ አንዳንድ ስቴቶች ግን ያስገድዳሉ። አንድ ኩባንያ ብቻ በሕንፃው እንዲያስተዋውቅ የሚፈቅድ ስምምነት ሲኖር ተከራዩን «ሌላ የለም» ብሎ ማሳሳት አይቻልም፤ ስለዚህ ሌሎቹን ኩባንያዎች ራስዎ ደውለው ይጠይቁ። በራስዎ በረንዳ ላይ እስከ አንድ ሜትር ስፋት ያለው አንቴና መትከልን ባለቤቱ በአብዛኛው መከልከል አይችልም፤ የውጭ ግድግዳውና የጋራው ጣሪያ ግን የእርስዎ አይደሉም።

የቤት 5ጂ ወይም ስታርሊንክ ይሻላል?

የቤት 5ጂ ርካሽ ነው፣ ኮንትራት የለውም፣ ሞደሙም አብሮ ይመጣል። ማማው ሲጨናነቅ ግን የቤት ኢንተርኔት ከስልክ ተጠቃሚ ኋላ ይሰለፋል። የሙከራ ጊዜውን ይጠቀሙ፤ ኬብሉን ሳይሰርዙ ሁለት ሳምንት በመስኮት አጠገብ አስቀምጠው ማታ ማታ ይለኩ። ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) ሽቦ ላልደረሰበት ገጠር ነው፤ ከተማ ውስጥ የመጨረሻ ምርጫ ነው።

ገቢዬ ዝቅተኛ ነው። ድጎማ አለ?

30 ዶላር ይቀንስ የነበረው ኤሲፒ የተባለው ፕሮግራም በጁን 1፣ 2024 ቆሟል። የቀረው ላይፍላይን የተባለው የፌዴራል ድጎማ ሲሆን በወር 9.25 ዶላር ነው፤ ሁሉም ኩባንያ አይቀበለውም። ኮምካስት «ኢንተርኔት ኢሴንሻልስ»፣ ስፔክትረም «ኢንተርኔት አሲስት» የሚባል ርካሽ ፓኬጅ አላቸው። ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ ወይም የልጅ የትምህርት ቤት ምሳ ድጎማ ካለዎት የትኛው እንደሚያበቃዎት ይጠይቁ። ሻጩ ራሱ አያነሳልዎትም።

አቤቱታ የት ላቅርብ?

ከኩባንያው ጋር ተነጋግረው ካልተፈታ ለኤፍሲሲ። ነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም፣ በድረ ገጹ ወይም በ1-888-225-5322 ይቀርባል። ኤፍሲሲ ለኩባንያው ይልከዋል፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ኤፍሲሲ ራሱ ዳኛ ሆኖ ገንዘብ አያስመልስም፤ ጥቅሙ ፋይልዎ ከስልክ ሠራተኛው እጅ ወጥቶ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ መድረሱ ነው። አጭር ይጻፉ፦ ቀን፣ የተባሉት ዋጋ፣ የተቆረጠብዎት ዋጋ፣ የቲኬት ቁጥር፣ የሚፈልጉት መፍትሔ በዶላር። ሦስት ገጽ ምሬት ማንም አያነብም።

የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደግሞ አንድ ዓይነት አቤቱታ ሲደጋገም ክስ ሊመሠርት ይችላል። የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ቃል የተገባው ፍጥነት አልተሰጠም ብሎ በመሠረተው ክስ ቻርተር በ2018 በ174.2 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። በዋሽንግተን ስቴት አንድ ዳኛ በ2019 ኮምካስት ለደንበኞች ሳያስረዳ ባስገባው የጥገና ዋስትና ክፍያ 9.1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወስኖበታል።

አብዛኛው ኮንትራት ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ ቢያስርም የአነስተኛ ክርክር ችሎትን ይተዋል። ጣሪያው በዲሲ 10,000፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር ነው።

ስሰርዝ ምን ልጠንቀቅ?

ዕቃውን። ሞደሙን፣ የቲቪ ሣጥኑንና ሪሞቱን ሲመልሱ ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ሲሪያል ቁጥር መጻፉን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ ከማስረከብዎ በፊትም ተለጣፊውን ፎቶ ያንሱ። ከወራት በኋላ «ዕቃ አልተመለሰም» ተብሎ ዕዳ ሰብሳቢ ጋ የሚላከው ሂሳብ ክሬዲትዎን ሊያበላሽ ይችላል። ደብዳቤ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወሙና ደረሰኙን ያያይዙ። አውቶፔዩን የሚዘጉት የመጨረሻው ቢል ዜሮ ከሆነ በኋላ ነው።

መሰረዝን እንደ መመዝገብ ቀላል ያደርጋል የተባለውን የፌዴራል ደንብ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል። ስለዚህ አሁንም ደውለው መከራከር ሊኖርብዎ ይችላል፤ የመሰረዣ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ።

ከተማችን ራሷ መስመር ብትዘረጋልንስ?

ይቻላል፤ የሠሩትም አሉ። የቻታኑጋ፣ ቴነሲ የመብራት ድርጅት ኢፒቢ በ2010 ለመላው የአገልግሎት ክልሉ ጊጋቢት አቀረበ። ነገር ግን ከደርዘን በላይ ስቴቶች ይህን የሚከለክል ወይም የሚያከብድ ሕግ አላቸው፤ ኮሎራዶ የራሷን በ2023 ሽራለች። እርስዎ በሚኖሩበት ስቴት ሕጉ ካልከለከለ ቦታው የከተማው ምክር ቤት ነው። የኬብል ፈቃድ ጊዜው ከማለቁ ሦስት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ የእድሳቱ ሂደት ይከፈታል፤ የፈቃዱን ማብቂያ ቀን ከከተማው ወይም ከካውንቲው ኬብል ቢሮ ይጠይቁ። ፈቃዱ ቴሌቪዥኑን እንጂ የኢንተርኔቱን ዋጋ አይገዛም፤ በሕዝብ ስብሰባው ላይ የሚቀርብ የሰፈር ዝርዝር ግን (አድራሻ፣ የሚከፈለው ዋጋ፣ የአማራጭ ብዛት) ለሚቀጥለው የፋይበር ኩባንያ ገበያ መኖሩን ያሳያል።